የተራራው መንገድ የማን ነው?

ክርክርም እንደ ትያትር ሊሄስ ይችላል፤ ተዋንያን አሉት፣ መድረክ አለው፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የቀረ ሰውም አለው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በተራራ መንገዶች ላይ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ሙግት በአሜሪካና በአውሮፓ ዓመታትን አስቆጥሯል። ጉዳዩ ከጂቡቲ ሙቀትና አቧራ የራቀ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የሐምሌንና የነሐሴን ቃጠሎ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ የዚህች ከተማ ነዋሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ጎራ ብሎ ለብስክሌት የተዘጋጀውን መንገድ ሲያይ፣ ጥያቄው እዚያ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ከታሪኩ እንጀምር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ቁልቁለቱን መውረድ ሲጀምሩ፣ በእግርና በፈረስ የሚሄዱት ሰዎች ጸጥታችን ተነሣ፣ መንገዳችን ተቦረቦረ ብለው ከሰሷቸው። ከብዙዎቹ ቀጫጭን መንገዶችም ተከለከሉ። ዛሬ የተራራ ብስክሌተኛው በኤሌክትሪኩ ብስክሌት ላይ የሚያቀርበው ክስ ከሞላ ጎደል ያው መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ትናንት የተባረረው ዛሬ በረኛ ሆኗል! ለፍትሕ ያህል ግን፣ የክለቦቹ ስጋት ከንቱ አይደለም። ብስክሌትና ሞተር አንድ ተደርገው ከታዩ፣ ለዓመታት ለምነው ያገኙት ፈቃድ ለሁሉም በአንድነት ሊነጠቅ ይችላል።

ለመሆኑ ሞተር ሲባል የትኛው ሞተር ነው? በአውሮፓ ሕግ ከብስክሌት የሚቆጠረው ኃይሉ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ጋላቢው ፔዳሉን እስከመታ ድረስ ብቻ የሚያግዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስም እገዛውን የሚያቋርጥ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው መደብ እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል። ሁለተኛው መደብ ግን ፔዳል ሳይመታ በእጅ ብቻ ሊነዳ ይችላል፤ ይህ በእኔ ዐይን ትንሽ ሞተር ሳይክል ነው። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በነሐሴ 2019 እነዚህን ሁሉ ወደ ብስክሌት መንገዶች የማስገባት ትእዛዝ ባወጣ ጊዜ ጩኸቱ የበረታው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከክርክሩ ሁሉ ደካማው የላብ ክርክር ነው። ተራራ በድካም ካልተወጣ ክብሩ ይቀንሳል ይሉናል። በባሕር ጠረፍ አየር የለመደ የጂቡቲ ሳንባ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን አይናገርም። ዕድሜው የገፋውስ? ጉልበቱ የታመመውስ? ደግሞም ከዚህች ከተማ ወደ ደጋው የሚወጣው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በእንፋሎት ነበር፤ አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ በኤሌክትሪክ ሆነ። ዳገትን በማሽን መውጣት ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ነውር ሆኖ አያውቅም።

የአፈሩ ክርክር ከዚያ የተሻለ ክብደት አለው፤ የተባለውን ያህል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኦሬገን ጫካ የተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በፔዳል የሚታገዘው ኤሌክትሪክ ብስክሌት በአፈር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተራው ብስክሌት ጋር ተቀራራቢ፣ ከሞተር ሳይክል ደግሞ እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ወደ እንጦጦ ስንመለስ፣ በዚህ ሙግት ውስጥ ድምፁ ያልተሰማው ሰው ይታየናል። ፓርክ ከመባሉ ከብዙ ዘመን በፊት ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ጀርባቸውን አጉብጠው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች አሉ። ሸክማቸው 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ ጎንም ስለሚዘረጋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ቀና ብለው አሻግረው ማየት፣ ዞር ብለው መመልከት፣ ዘልለው ዳር መያዝ አይችሉም። የውጭው ክርክር የሚያውቀው እግረኛ ለመዝናናት የወጣ፣ እጁ ባዶ የሆነ፣ ደወል ሲሰማ ፈቀቅ የሚል ሰው ነው። እንጦጦ ላይ ያለችው እግረኛ ግን ሥራ ላይ ናት።

እዚህ ላይ የሞተሩ እውነተኛ ልዩነት ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ሁለቱም ብስክሌቶች ያው ናቸው፤ ተራውም ይበራል፣ ኤሌክትሪኩም ይበራል። ዳገት ላይ ግን ተራው ብስክሌተኛ ከእግረኛ ብዙም ሳይፈጥን እያለከለከ ስለሚወጣ፣ ከተሸከመች ሴት ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ ሁለቱም ለመቆም ጊዜ አላቸው። ሞተሩ ይህን ጊዜ ይሰርቃል። ከተራው በብዙ ኪሎ የሚከብድ፣ ድምፁ የማይሰማ ነገር በመታጠፊያው ላይ ድንገት ብቅ ይላል። ስለዚህ ለብስክሌት ተብሎ በተሠራው መንገድና በሰፊው ጎዳና ላይ በፔዳል የሚታገዘውን መፍቀድ፣ በእጅ የሚነዳውን ማስቀረት፣ ሸክም በሚወርድባቸው ቀጫጭን መንገዶች ላይ ግን ሁለቱንም ብስክሌቶች አለመፍቀድ ተገቢ ይመስለኛል። በዚህ የመጨረሻው ነጥብ የተራራ ብስክሌተኞች እንደማይደሰቱብኝ አውቃለሁ።

በጂቡቲም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከታጁራ በላይ በጎዳ ተራሮች ያለው የዳይ ጫካ ጽዶቹ እየደረቁ ያሉ፣ ከጂቡቲ ውጭ የትም የማይገኝ የቆቅ ዝርያ የተጠለለበት ስፍራ ነው። ቀጫጭን መንገዶቹን ያወጡት የአፋር አርብቶ አደሮችና ፍየሎቻቸው ናቸው። እዚያ ብስክሌት ለማስገባት የሚያስብ አስጎብኚ ካለ፣ ከባትሪው በፊት እረኞቹን ያነጋግር።