ደቻቱን ሽቅብ መከተል

ድሬዳዋ ላይ ጂኦግራፊ ለሚያስተምር ሰው የደቻቱን ወንዝ የሚያህል ቤተ ሙከራ የለም። በበጋ ውሃ ስለሌለው ሰው አሸዋው ላይ እየተራመደ ወደ ቀፊራ ገበያ ይሻገራል። ተማሪዎቼ የተወለዱት ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የወረደው ውሃ ከ200 በላይ ሰው እንደጨረሰ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል፤ ደረቁን አሸዋ እያዩ ግን ያ ሁሉ ውሃ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባቸዋል። እኔም አልመልስላቸውም። ከአሸዋው ላይ አንዳንድ ድንጋይ ቦርሳቸው ውስጥ አስከትቼ ደጋው ላይ ወዳለው የሐሮማያ ሐይቅ ይዣቸው እወጣለሁ።

መንገዳችን ላይ ደንገጎ ስንደርስ ከመኪና እንወርዳለን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ከላይ ያለው ደጋ 2,000 ሜትርን ያልፋል። ተማሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ሌላ ድንጋይ ያነሳሉ። ይሄኛው ጠርዙ ስለታም ነው፤ ከደቻቱ የመጣው ድቡልቡልና ልስልስ። ሁለቱን እያገላበጡ ዝም ሲሉ እኔም ዝም እላለሁ። የዚህ ሙያ ከባዱ ነገር፣ ምላስ ላይ የደረሰን ማብራሪያ መዋጥ ይመስለኛል። «ውሃው እያንከባለለ ሞርዶት ነው» ማለት ያለበት ተማሪው ነው። የተራቆተውን ተዳፋት የማሳያቸው፣ ዝናቡ እዚህ ጥሎ ጎርፉ ሰማዩ ጥርት ባለበት ታች እንደሚደርስ የምነግራቸው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሐሮማያ ስንደርስ ኦሮምኛ የሚችሉት ገበሬዎቹን ይጠይቃሉ፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ሐይቁ በ1997 አካባቢ ደርቆ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል። ገበሬው ጫቱንና ድንቹን የሚያጠጣበትን ፓምፕ ሲያዩ «ያደረቀው ይሄ ነው!» ብለው የሚደመድሙ አይጠፉም። እዚህ ላይ ግን ዝም አልልም። የሐረር ከተማም ለዓመታት ከዚሁ ሐይቅ ጠጥታለች፤ ከዙሪያው እርሻ የታጠበው ደለልም ወለሉን ሞልቶታል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ገበሬ ላይ ጭኖ ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ምንም አልተማረም።

ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ፊቷን ወደ ቆላ አዞረች። ዛሬ ድሬዳዋ አቅራቢያ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ተራራውን የሚወጣ ውሃ ትጠጣለች። ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ጫጫታ ይነሳል። «ታዲያ የእኛስ ውሃ አያልቅም?» ይላሉ፤ ድሬም የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነዋ። ጉድጓዶቹን የሚመግበው በአብዛኛው ይኸው ደጋው ላይ የሚጥለው ዝናብ መሆኑን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ከዝናቡ የትኛው ወደ መሬት እንደሚሰርግ፣ የትኛው ጎርፍ ሆኖ እንደሚያመልጥ ለማወቅ በሚቀጥለው ክረምት ደንገጎ ላይ ሣር የለበሰና የተራቆተ ቦታ መርጠን፣ እኩል ውሃ አፍስሰን እንለካለን። ባልዲ የሚያመጡትን ከወዲሁ መድበናል።