ከድምሩ በፊት

ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲመጣ ብዙ ጊዜ የኤምአርአይ ፊልሙን በብብቱ ሸጉጦ ነው። አየዋለሁ። ነገር ግን ዲስኩ ተንሸራቶ ምንም የማይሰማው ሰው አለ፤ ፊልሙ ደህና ሆኖ ጫማውን ማሰር ያቃተውም አለ። ሕመሙ ከምን ሥራ እንዳስቀረው ለማወቅ መጠየቅ ግድ ነው፤ መጠይቁ ደግሞ በወጉ ካልተያዘ ከፊልሙ የባሰ ያሳስታል።

እኔ ዘንድ የሚዘወተረው መጠይቅ ኦስዌስትሪ ነው። ስሙን ያገኘው የአጥንት ሆስፒታል ካላት የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን፣ ጄረሚ ፌርባንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙት። ከሕመሙ መጠን ጀምሮ ዕቃ ማንሳት፣ መራመድ፣ መቀመጥ፣ እንቅልፍ እያለ 10 ክፍሎች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጥና ድምሩ ወደ መቶኛ ይለወጣል። ስለ ግብረ ሥጋ የሚጠይቀውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያኔ ከ50 ሳይሆን ከ45 አሰላለሁ እንጂ ማንንም አላስጨንቅም።

የሚያስቸግረኝ ዕቃ ማንሳት ላይ ያለው ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። “እማማ፣ ከባድ ዕቃ ያነሳሉ?” ስላቸው፣ “ምን አነሳለሁ ልጄ፣ ልጆቹ መች አስነኩኝ!” ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ ምንም ማንሳት አልችልም የሚል ምርጫ አለ፤ አያስነኩኝም የሚል ግን የለም። እዚህ ላይ ቸኩሎ 5 የጻፈ ባለሙያ አለመቻልንና አለማድረግን አንድ ላይ ደመራቸው ማለት ነው። ያልቻሉት እናት ወገባቸው መታከም አለበት፤ ለተከለከሉት ግን ልጆቹን ጠርቶ ማነጋገር ይቀድማል። ማርቲን ሮላንድና ሪቻርድ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ባለ24 ጥያቄ መጠይቅ፣ በወገብ ሕመም የተነሳ ሥራን ለሌላ ሰው ስለመተው ለይቶ መጠየቁን እወድለታለሁ። ችግሩ አዎን ወይም አይደለም ብቻ መቀበሉ ነው፤ ጥቂት በጥቂት የሚመጣ መሻሻል ያመልጠዋል።

ከድምሩ በፊት መስመር በመስመር የማነበው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በኦስዌስትሪ ከ46 ወደ 38 ወረደ እንበል። በተለምዶ 10 ነጥብ ያህል ካልቀነሰ ታማሚው ለውጡን አውቆታል አይባልም፤ ስለዚህ ይህ 8 ነጥብ ፋይሉ ላይ “ለውጥ የለም” ተብሎ ያልፋል። አብዛኛው የቀነሰው ከእንቅልፍ ክፍል ቢሆንስ? ሌሊቱን ሁለት ሰዓት እንኳ የማይተኛ የነበረ ሰው አሁን አልፎ አልፎ ብቻ የሚነቃ ከሆነ፣ ለውጥ የለም ብለው ሚስቱ ትስቅብኛለች። ከ80 በላይ ያገኘ ወይ የአልጋ ቁራኛ ነው ወይ ያጋንናል የሚለውን የቀድሞውን አተረጓጎም ደግሞ ጨርሶ አልቀበለውም። በእግሩ መጥቶ 84 የሞላ ሰው ብዙውን ጊዜ የፈራ ሰው ነው፤ “ጎንበስ ካልክ ሽባ ትሆናለህ” ያለው አለ።

ኦስዌስትሪ መቀመጥን ሲጠይቅ የሚያስበው ወንበርን ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግን እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው የሚውለው። ምእመኑ ይሰግዳል፣ ጋጋሪዋ ምጣድ ላይ ታጎነብሳለች፤ ይህን የሚጠይቅ መስመር የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ ፖል ስትራትፎርድና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዘዴ ታማሚው ያቃተውን ሥራ ራሱ እንዲጠራ፣ ከ0 እስከ 10 ነጥብም እንዲሰጠው ያደርጋል። ሸማኔው “መወርወሪያ እየወረወሩ መዋል” ካለኝ እንዳለው አድርጌ ከወረቀቱ ጀርባ እጽፈዋለሁ። አንዱን ታማሚ ከሌላው ጋር ለማነጻጸር አይበጅም፤ ሰውየውን ከትናንቱ ጋር ለማነጻጸር ግን የተሻለ አላገኘሁም።

ታማሚው ከሳምንታት በኋላ መጠይቁን በድጋሚ ሲሞላ አጠገቡ አልቀመጥም። ያሸውን፣ ያሠራውን ሰው ፊት ለፊት እያየ “ያው ነኝ” ማለት የሚከብደው ብዙ ነው፤ በይሉኝታ የሚቀነስ ነጥብ ደግሞ ከእውነተኛው መሻሻል ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ያላከመው ባልደረባዬ ያስሞላዋል፤ አብሮ የመጣ አስታማሚም እስኪጨርስ ደጅ ይቆያል።