ቀምሶ መግዛትና ከፍሎ መቅመስ

ቅቤ ልትገዛ ገበያ የወጣች እናት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቅሉን አስከፍታ በጥፍሯ ጫፍ ትቆነጥራለች፤ ታሸታለች፤ በጣቶቿ መካከል አሻሽታ አቀላለጡን ታያለች። ማርም ከሆነ በስንጥር ጫፍ ተደርጎ ይቀመሳል። በርበሬው ተዘግኖ ይሸተታል፤ ጤፉ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን እጅ እስከ ክርን ገብቶ ከሥሩም ይታያል። ሻጩም አይቆጣም። ገዢ ቀምሶ፣ አሽትቶና ጠይቆ ካበቃ በኋላ ነው የገንዘቡን ቋጠሮ የሚፈታው። ይህ ቅምሻ ዋጋ አይጠየቅበትም። ሻጭ ከገዢ የደበቀው ነገር እንደሌለ የሚያስመሰክርበት ነውና።

ዛሬ በታላላቅ የምዕራብ ከተሞች ሌላ ዓይነት ቅምሻ ተስፋፍቷል። ደንበኛ ርቋቸው የነበሩ የጥንት የገበያ አዳራሾች ይታደሳሉ፤ ግድግዳቸው ይቀባል፣ መብራታቸው ይደምቃል፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይሸጥባቸው የነበሩ መደቦች በትናንሽ ምግብ ቤቶች ይተካሉ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዘንቢል ይዞ ሊሸምት ሳይሆን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሊቀምስ ነው። በዚህም ቅምሻው ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ቀድሞ ገዢው ሳይከፍል ይቀምስና እውነቱን ካወቀ በኋላ ይከፍል ነበር፤ አሁን ከፍሎ ይቀምሳል፣ እውነቱን ማወቅ ግን ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ይህ ማንኛውንም በላተኛ ሊያሳስብ ይገባዋል። የሚበላውን ጠይቆ የመብላት ግዴታ ላለበት ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ከማሳሰብም ያልፋል።

እስቲ ከእነዚህ አዳራሾች ስመ ጥር የሆነውን አንዱን እንመልከት። ግራንድ ሴንትራል ማርኬት ይባላል፤ የሚገኘውም በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ እምብርት ነው። ለገበያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1917 ሲሆን፣ የሰፈረበት ሆመር ሎፍሊን የተሰኘው ሕንፃ በ20 ዓመት ይቀድመዋል። አንዱ በሩ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ፣ ሌላው ሒል ጎዳና ላይ ይወጣል። በመጀመሪያ ዘመኑ ከአጠገቡ ካለው ከቡንከር ኮረብታ፣ ኤንጀልስ ፍላይት በተባለችው አጭር የኮረብታ ባቡር እየወረዱ የሚሸምቱ ባለጸጎች ነበሩት። ባለጸጎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲፈልሱ ብሮድዌይ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞች መገበያያ ሆነ። አዳራሹም አቮካዶ፣ ባቄላ፣ በቆሎና ደረቅ በርበሬ በአውቶቡስ ወደ ቤት ለሚያጓጉዙ እናቶች አገልግሎት ሰጠ። ከ1952 ጀምሮ ጥብስ የሚሸጠው ሮስት ቱ ጎ እና ከ1959 ጀምሮ የቻይና ሾርባ የሚቀዳበት ቻይና ካፌ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

በ1980ዎቹ አይራ የሊን የተባሉ ባለሀብት አዳራሹን ገዙት፤ በ2002 ሲሞቱ ባለቤታቸው አዴል የሊን ኃላፊነቱን ተረከቡ። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ብዙ መደቦች ባዶ ቀርተው ስለነበር፣ ወይዘሮዋ ከ2012 ወዲህ አዳዲስ ምግብ ሠሪዎችን እየመረጡ አስገቡ። ሐሳቡ ሠመረላቸው። በ2014 ቦን አፔቲ የተባለው የምግብ መጽሔት አዳራሹን በአሜሪካ ምርጥ ከሚላቸው 10 አዳዲስ ምግብ ቤቶች አንዱ አድርጎ መረጠው። የ97 ዓመት ሽማግሌ ‘አዲስ’ ተብሎ ሲሸለም ማየት ፈገግ ያሰኛል። በ2017፣ ልክ 100 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ አዳራሹ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ሕንፃው ከመፍረስና ከመበስበስ ድኗል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። የድሮዎቹ የኒዮን መብራት ሰሌዳዎች እንኳ በክብር ተጠብቀዋል። ነገር ግን ሰሌዳው የሚጠብቀው የገበያውን መልክ ነው። እኛ የምንጠይቀው የገበያው ጠባይ ተጠብቋል ወይ ብለን ነው።

አሁን በብሮድዌይ በር በኩል አብረን እንግባ። በ2013 ወደ አዳራሹ ገብቶ ረዣዥም ሰልፎችን ያስከተለ የእንቁላል መደብ አለ፤ ኤግስለት ይባላል። ስሙን በአማርኛ ተርጉሜ እዚህ ገጽ ላይ ማስፈር አልችልም፤ ሴትን ልጅ የሚያዋርድ ስድብ ከእንቁላል ጋር የተጋባበት ነው። ሰሌዳ ማንበብ የጀመረች የ7 ዓመት ልጅ ይዛችሁ በሰልፉ ላይ ብትቆሙ ‘ምን ማለት ነው?’ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ለቀልድ ነው ይባል ይሆናል። የሰው ልጅ ክብር ለሳንድዊች ማሻሻጫ የሚሆንበት ቀልድ ግን ለእኔ አይጥመኝም።

እንቁላሉ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ፌርፋክስ የተባለው ሳንድዊች በዝግታ የተቁለጨለጨ ለስላሳ እንቁላል፣ በዝግታ በስሎ ጣፋጭ የሆነ ሽንኩርት፣ አይብና የሚያቃጥል ማዮኔዝ ቅቤ በበዛበት ዳቦ ውስጥ ይዞ ይቀርባል። ስሙ የተወሰደበትን ጎዳና የከተማዋ ሐበሾች በደንብ ያውቁታል፤ ከ2002 ጀምሮ ‘ሊትል ኢትዮጵያ’ የሚባለው ሰፈር በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነውና። በሳንድዊቹ ውስጥ ሥጋ የለም። ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ ምጣዱ ላይ ነው። በዚያው ምግብ ዝርዝር ውስጥ የአሳማ ሥጋ ያለባቸው ሳንድዊቾች አሉ። የእናንተ እንቁላል ከየትኛው ምጣድ፣ በየትኛው መጥበሻ ማንኪያ ተነሥቶ እንደመጣ ሳትጠይቁ አታውቁም። ከኋላችሁ 30 ሰው ተሰልፎ ሳለ ደግሞ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ሰልፉ ራሱ ‘ቶሎ እዘዝ፣ ቶሎ ክፈል፣ ቶሎ ዞር በል’ ይላል። የዘመናዊ መደብ አሠራር ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ጥያቄን የሚከለክል ሰው የለም፣ ለጥያቄ የተተወ ቦታም የለም።

ከዚህ ጋር የኤል ሳልቫዶሮችን ፑፑሳ አወዳድሩ። ሳሪታስ የተባለው መደብ ከአዳዲሶቹ አስቀድሞ የነበረ ነው። ፑፑሳ ማለት የበቆሎ ሊጥ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ ባቄላ ወይም አይብ በሆዱ ተከቶበት፣ እንደገና ተጠፍጥፎ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር ወፍራም ቂጣ ነው። ሎሮኮ የሚሉት የሚበላ አበባ ከአይብ ጋር የተከተተበት ከሁሉ ይበልጣል፤ ጣዕሙ ጎመንም አይደለም፣ ቅመምም አይደለም። በጎኑ የሚቀርበው በኮምጣጤ የታሸ ጥቅል ጎመን ስቡን ይቆርጥለታል። እዚህም ጥያቄ አለ፤ እንዲያውም የበለጠ አለ። ባቄላው በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፤ የአሳማ ሥጋ የተከተተበትም ፑፑሳ እንደ ልማድ በዚያው ምጣድ ይጋገራል። ልዩነቱ ሊጡ በዓይናችሁ ፊት የሚጠፈጠፍ መሆኑ ነው። ምጣዱ ይታያል፤ የጋጋሪዋ እጅ ይታያል፤ ጥያቄያችሁም በቀጥታ ለእርሷ ይደርሳል። መልሷ ‘ለእናንተ አይሆንም’ ቢሆን እንኳ እውነት ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ። ሳትበሉ ብትመለሱም የገበያን ሐቅ አግኝታችኋል።

ከአዲሶቹ አንዱ፣ በ2014 የተከፈተው ዌክስለርስ ዴሊ፣ በአይሁድ ባህል የሚዘጋጅ ጭስ የገባው የበሬ ሥጋ ይሸጥ ጀመር። ብዙ ሙስሊሞች ‘የአይሁድ ከሆነ ኮሸር ነው’ ብለው ልባቸውን ያሳርፋሉ። ነገር ግን በመደቡ ከታወቁት ሳንድዊቾች አንዱ ሥጋውን ከአይብ ጋር አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሥጋና ወተት መቀላቀል በአይሁድ ሕግ ክልክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ሕዝብ ባህል ስም መሸጥና በዚያ ሕዝብ ሕግ መገዛት የተለያዩ ናቸው። ‘መካከለኛው ምሥራቅ’ የሚል ጽሑፍ ወይም የዐረብኛ ፊደል በሰሌዳ ላይ ስታዩም ይኸው ፍርድ ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ሰሌዳን ማመን እስከ ምን ድረስ ነው? ቤልካምፖ የተባለ የሥጋ ድርጅት ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ የራሱ እርሻና የራሱ ማረጃ ነበረው። ከብቶቹ በሣር እንዳደጉ፣ ሥጋው ከእርሻው በቀጥታ እንደሚመጣ እየተናገረ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥም መደብ ከፍቶ ሥጋና በርገር ሸጧል። በሜይ 2021 በሳንታ ሞኒካው መደብሩ ይሠራ የነበረ አንድ ሠራተኛ፣ ከሌላ ቦታ የተገዛ ሥጋ የድርጅቱ እርሻ ምርት ተብሎ እየተሸጠ መሆኑን በቪዲዮ አጋለጠ። ድርጅቱ የተሳሳተ ስያሜ መኖሩን አመነ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሥራውን አቆመ።

ልብ በሉ፤ ይህ የሐላልና የሐራም ጉዳይ አልነበረም። የተታለሉት ሙስሊሞች ብቻም አልነበሩም። ለሰሌዳው ታሪክ የከፈሉ፣ ሥጋውን ቀምሰው ‘ልዩነቱ ይታወቃል’ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ምላስ አልመሰከረላቸውም። በመዲና ገበያ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ባስገቡ ጊዜ ከላይ ደረቅ የነበረው ከሥር ርሶ እንዳገኙት ታውቃላችሁ፤ ሻጩን የወቀሱትም ዝናብ ስለመታው ሳይሆን እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው ባለማሳየቱ ነበር። በኋላም ገበያውን የሚዞር፣ ሚዛኑን የሚፈትሽ፣ ክምሩን የሚገልጥ ሙሕተሲብ በሙስሊም ከተሞች የተሾመው ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ አልነበረም። ክምር ሁልጊዜ ሥር ስላለው ነው።

በሀገራችን ልኳንዳ ቤት በር ላይ የሚታየው ጨረቃ ወይም መስቀልም ሰሌዳ ነው። ያ ምልክት የሚታመነው ግን ስለተጻፈ ብቻ አይደለም። አራጁን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ቢያጭበረብር የሚያፍርበት መስጊድ፣ የሚያጣው ጎረቤት አለው። በአዳራሹ ያለው መደብ ግን ነገ ሊለቅ ይችላል፤ ደንበኛውም መንገደኛ ነው። በካሊፎርኒያ ሐላል ያልሆነን ሥጋ ለማታለል ሐላል ነው ብሎ መሸጥ በወንጀል ያስቀጣል። ይህ ደግ ሕግ ነው፤ ይሁንና ሕጉ የሚጀምረው አንድ ሰው ‘ማን አረደው? ማን መሠከረለት?’ ብሎ ሲጠይቅ ነው።

የአህለል ኪታብን እርድ በሚመለከት ዑለማዎች የሰጡት ፍርድ የተለያየ ስለሆነ እዚህ ለመዳኘት አልነሣም፤ በየቤተሰባችሁ የምትከተሉት መንገድ አለ። ቢራ የሚቀዳባቸው መደቦች በአዳራሹ ውስጥ ስላሉና ጠረጴዛው የጋራ ስለሆነ፣ የት እንደምትቀመጡም አስቀድሞ ማሰብ ሊያስፈልጋችሁ ነው። ከልጆች ጋር የሄደ ሰው ምግቡን ይዞ ውጭ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። አባት በመደቡ ፊት ቆሞ ‘ስብ አለበት? ምጣዱ አንድ ነው?’ እያለ ሲጠይቅ ልጁ ከኋላው ፊቱ ይቀላል። ‘አባዬ፣ ለምን ሁልጊዜ እኛ ብቻ እንጠይቃለን?’ ይላል። ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚመልስ አባት ልጁን ያጣዋል፤ ሰልፉን አፍሮ በዝምታ የሚያዝ አባትም እንዲሁ። ልጁ ‘መጠየቅ የእኛ የድሆችና የእንግዶች ጠባይ ነው’ ብሎ እንዳያድግ፣ ስለ ቅቤዋ ገዢ አያቱ ንገሩት። የቤልካምፖንም ታሪክ ንገሩት፤ ሺዎች ሳይጠይቁ በበሉበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበው አንድ ሠራተኛ ለሁሉም እንደጠቀመ ይስማ። ከዚያም በሚቀጥለው መደብ ላይ ጥያቄውን ራሱ እንዲያቀርብ ፍቀዱለት። ልጆች የራሳቸው ባደረጉት ነገር አያፍሩም።

ገንዘቡንም አስቡት። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከሦስት መደቦች ቀምሶ ሲወጣ፣ በዚያው ሒሳብ የሳምንት አስቤዛ ይሸመት ነበር። ግማሽ የተበላ ሳህን እየተወ ወደ ሌላው መደብ የሚሄደውን ሕዝብ ስታዩ፣ ኢስራፍ የሚለውን ቃል ለልጅ ማስተማሪያ የሚሆን ምሳሌ አታጡም።

ከሄዳችሁ ደግሞ የአሮጌውን ገበያ ቅሪት ሳታዩ አትውጡ። ቫሌሪያስ የተባለውን፣ ደረቅ በርበሬና ቅመም የሚሸጠውን መደብ ጠይቃችሁ ፈልጉ። ፎቶግራፍ አንሺ አይበዛበትም። ጓሂዮ የሚሉት ረዥሙ ቀይ ዛላ በመልክ ከእኛ በርበሬ ይቀራረባል። አንዱን ዛላ ሰብራችሁ አሽትቱት፤ ፍሬውን በጥርሳችሁ ጫፍ ሞክሩት። ሻጩ ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። ማቃጠሉ ልል ስለሆነ ለዶሮ ወጥ አይበቃም፤ ለምስር ግን አንድ ፓውንድ ግዙና ቤት ሞክሩት።