ሮቶው ስለተለቀ ሻወሩ አይበረታም

አሶሳ ውስጥ «ሻወሬ ውሃው ኃይል የለውም» ብሎ የሚጠራኝ ደንበኛ ብዙ ጊዜ መፍትሔውን ራሱ ወስኖ ነው የሚጠብቀኝ። «ይቺን ሮቶ አውርድና ባለ ሁለት ሺህ ሊትሩን ስቀልልኝ» ይለኛል። እኔ ግን ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ከመጠየቄ በፊት የተቀመጠበትን ቁመት እለካለሁ።

ውሃን የሚገፋው ቁመት ነው። አሥር ሜትር ቁመት አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ፣ ያለን ግፊት የአንድ ባር አንድ አምስተኛ ነው፤ ሺህ ሊትር ይያዝ አምስት ሺህ፣ ለውጥ የለውም። እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ የቆመው የሕዳሴ ግድብም ለዚሁ ሕግ ነው የሚገዛው። የሐይቁ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን፣ ተርባይኖቹ ላይ የሚያርፈውን ግፊት የሚወስነው የውሃው ከፍታ ነው።

ቁመቱ በቂ ሆኖ ሻወሩ ከደከመ ራሱን ፈትቼ ውሃውን እለቀዋለሁ። በኃይል ከወረደ ችግሩ ወንፊቱ ነው፤ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው አሸዋና ዝገት ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። አቼቶ ውስጥ አሳድሮ በመርፌ መጥረግ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ መቀበል አልወድም። ሮቶው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ከነበረም መስመሩ አየር ይዞ ይሆናል፤ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ማስተንፈስ ነው።

የሚያስቸግረኝ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ነው። 20 ሚሊ የምንለው ወፍራሙ ፒፒአር ቱቦ ውስጡ 13 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሲደርስ ይህ ቱቦ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። እንዳያፈስ የሚሰጋ ሠራተኛ ግን አብዝቶ ያሞቀዋል፣ አጥብቆም ይገፋዋል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። ከውጭ ሲታይ ብየዳው ያማረ ነው፣ አያፈስም፤ ውሃው ግን በየኤልቦው ይታነቃል። ይህን የምናውቀው ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ፣ ግድግዳ ከተፈለጠ በኋላ ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል። ቤት የምትሠሩ ሰዎች ሆይ፣ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር አንድ መገጣጠሚያ ለሙከራ በይዶ፣ በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡን ያሳያችሁ። ከሮቶ የሚወርደውን ዋና መስመርም በ25 ሚሊ አስደርጉት፤ በዚያው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ያሳልፋል።

ፓምፕስ? ከሮቶ ስቦ ወደ ሻወር የሚገፋ ከሆነ እገጥማለሁ፤ መብራት ሲጠፋ እንደሚቆምም አስቀድሜ እናገራለሁ። ከቆጣሪው መስመር በቀጥታ እንዲስብ አድርግልኝ ለሚለኝ ግን እምቢ እላለሁ። እዚያ መስመር ውስጥ ያለው ውሃ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ፓምፑ ሲስብ የጎረቤት ቧንቧ ይደርቃል። ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ ዙሪያ የተኛው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ያንን ደግሞ ሕፃናት ይጠጡታል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ የሮቶውን ማቆሚያ ከፍ ለማድረግ ስንት ብረት እንደሚፈጅ ቁጭ ብዬ አሰላለታለሁ፤ ሺህ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ ለበያጁም ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።