ከካልሲየም እስከ አልኬን፦ የሳይንስ ቃላት አነባበብ በሐሮ ወንጪ ዙሪያ

ሐሮ ወንጪ (የወንጪ ሐይቅ) በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጪ»ን የሚይዘው እንግሊዝኛው «ሲ» የሚለው ፊደል ነው። ሐይቁ ባለበት በአምቦና በወሊሶ መካከል ያደገ ልጅ ይህን ፊደል ገና ከአንደኛ ክፍል «ጭ» ብሎ ይለምደዋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በኦሮሚያ ሒሳብና ሳይንስ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጡ፣ በነዚያ ዓመታት ፊደልና ድምፅ አይለያዩበትም። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን፣ «ካልሲየም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ያው ፊደል አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ሆኖ ይመጣበታል። በቁቤ «ጵ» የነበረው ጥምር ፊደል በፎስፈረስ «ፍ» ይሆናል፤ «ጥ» የነበረው ደግሞ በአልጀብራ «ኤክስ» ተብሎ ይጠራል። ልጁ ቃሉን ሲስት ክፍሉ ይሥቅበት ይሆናል፤ እሱ ግን ለስምንት ዓመት የተማረውን ሕግ ነው ያከበረው።

ስለ ሳይንስ ቃላት አነባበብ ክርክር ሲነሣ ዳኛው ብዙ ጊዜ የእንግሊዞች አፍ ነው። ይህ ዳኝነት አያሳምነኝም። «ሜትር»ና «ሊትር» የምንለው ወደ ፈረንሳይኛው ቀርበን ነው፤ እንግሊዝኛው «ሚተር» ቢልም ማንም አላረመንም። «ፓይ»ን ጀርመኑም ፈረንሳዩም «ፒ» ይለዋል። ባዝል የተወለደው የሒሳብ ሊቅ በገዛ ቋንቋው «ኦይለር» እንጂ «ዩለር» አይባልም።

የግእዝ ተርጓሚዎችም ከግሪክ ቃል ሲቀበሉ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። «ፊልጶስ» የሚለውን ስም እንመልከት፦ የግሪኩ «ፊ» በ«ፍ»፣ «ፒ» በ«ጵ» ተተክተዋል። በ«ጴጥሮስ» የግሪኩ «ታው» «ጥ» ሆኗል፤ በ«ቶማስ» ደግሞ «ቴታ» «ት» ሆኗል። እንግዲህ የማዕዘን ምልክቷን በ«ት» ጀምሮ «ቴታ» የሚል ተማሪ ከግእዝ ትርጉም ዘመን ጀምሮ የኖረ ልማድ ይዟል፤ ምላሱን በጥርሱ መካከል አላስገባም ተብሎ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ግን ሁሉም አነባበብ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ድምፅ ሲለወጥ ነገሩ ራሱ የሚለወጥበት ቦታ አለ፤ ጭንቀታችንም ሊያርፍ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር በካርቦኖቹ መካከል ነጠላ ቦንድ ብቻ ያለው ሃይድሮካርቦን «አልኬን»፣ ድርብ ቦንድ ያለው «አልኪን»፣ ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው «አልካይን» ይባላል። አሁን ሁለተኛውን ቃል የቁቤ አንባቢ በለመደው ሕግ ያንብበው። የመጨረሻዋን አናባቢ ቢተዋት እንኳ የሚወጣው «አልኬን» ነው፤ ማለትም የመጀመሪያው ውህድ ስም። አንባቢው ድርብ ቦንድ እያየ አድማጩ ነጠላ ይሥላል። በ«ሰልፋይድ»ና በ«ሰልፋይት»ም እንዲሁ ነው፤ በመጨረሻዋ ድምፅ የሚለየው ኦክስጅን መኖር አለመኖሩ ነው። ፈተና ላይ ከሚያስጥለው ነጥብ ይልቅ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ሲቀባበሉ የሚያደርሰው ጥፋት ያሳስበኛል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የዘጠነኛ ክፍል መምህር አዲስ ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ እንዳለ ትቶ ከጎኑ አነባበቡን በቁቤ ያስፍር፤ አማርኛ አንባቢ ባለበትም በፊደል። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ተቋማትም ይህን እንደ ትምህርት ይያዙት እንጂ ለእያንዳንዱ መምህር ጆሮ አይተዉት። ከዚያ መምህሩ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ሦስቱን ሃይድሮካርቦኖች በቃል ይጥራ፤ ተማሪዎቹም የሰሙትን መዋቅር ይሣሉ። መዋቅሩ ትክክል የወጣለትን ልጅ አነጋገር ማረም አያስፈልግም።