አንኮበርን ከታች ወደ ላይ

የመንዝን ደጋ ለሚያውቅ ሰው አንኮበር ባዕድ አገር አይደለችም። የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የጀመሩት ነጋሢ ክርስቶስ የመንዝ አጋንቻ ሰው ነበሩ፤ ዘሮቻቸው ወደ ደቡብ እየሰፉ መጥተው መናገሻቸውን በአንኮበር ተራራ ላይ አደረጉ።

አብዛኛው ጎብኚ ከደብረ ብርሃን በመኪና ይመጣል። እኔ ግን ከአልዩ አምባ ተነሥቶ በእግር መውጣቱን እመርጣለሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የተነሣው የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚያርፈው ከዚሁ ተራራ ሥር፣ በፋሬና በአልዩ አምባ አካባቢ ነበር። ዳገቱ ለግመል አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱን በቅሎ፣ አህያና የሰው ትከሻ ይረከቡት ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስም የገባው በዚሁ በኩል ነው። መንገዱ የጨውና የጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ ባሪያም ተነድቶበታል። አንኮበርን የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ሊያነሣ ይገባል።

ሽቅብ ሲወጣ የቆላው ሙቀት እየቀረ የደጋው ብርድ ይተካል፤ ማሽላው ለገብስ ቦታ ይለቃል። የከተማዋ ኃይል ከየት እንደመጣ የሚገባው ያኔ ነው፤ የሁለት ዓለም በር ነበረች። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው፤ ኋላ በስፍራው በቤተ መንግሥቱ አምሳል ሎጅ ተሠርቶ ነበር። ጧት ጉሙ ሲገለጥ ግን ከቤተ መንግሥቱ ጉብታ ምሥራቁን ማየት ነገሥታቱ ያዩትን ማየት ነው።