«ሐቅ» ወደ «መብት» ሲተረጐም፦ ከየጁ አነጋገር የተነሣ ትችት

በወልድያና በመርሳ፣ በሐብሩም የገጠር ቀበሌዎች «የሰው ሐቅ አለብኝ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ማብራሪያ አይጠይቅም። ተበድሮ ያልመለሰ፣ ድንበር የገፋ፣ በሐሜት የሰው ክብር የነካ ሁሉ ዕዳውን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ለሐጅ የሚነሣው ወይም በጠና የታመመው ሰው ጎረቤቱን «አውፍ በሉኝ» ብሎ የሚለምነውም ከዚሁ ዕዳ ለመውጣት ነው። እንደኔ ግምት ይህ አነጋገር ከኪታብ የወረደ ነው። የጁ ውስጥ እንደ ዳና ባሉ የዒልም መንደሮች ሸኾቹ ፊቅህን በዐረብኛ እያስቀሩ ለደረሳ በአማርኛ ሲያብራሩ፣ ይህን ቃል ሳይተረጉሙ ስለተዉት የሕግ ክብደቱ ሳይቀንስ ገበያና ቤት ገባ።

ዛሬ በአማርኛ የሚታተሙ የዲን መጻሕፍትና በሚንበር ላይ የሚነበቡ ኹጥባዎች ግን በቦታው «መብት» የሚለውን ይመርጣሉ፤ «የወላጆች መብት»፣ «የጎረቤት መብት»፣ «የሴት የውርስ መብት» ይባላል። ትርጉሙን ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ የሕግ አማርኛ ሌላ ቃል የለውም። ጉድለቱ የሚታየው ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስናስገባው ነው። «ሐቅ አለኝ» ይባላል፤ «ሐቅ አለብኝ»ም ይባላል። «መብት አለኝ» ይባላል፤ «መብት አለብኝ» ግን ጆሮ አይቀበለውም። በዐረብኛው «ለሁ» እና «ዐለይሂ» በሚሉት መስተዋድዶች የሚለዩት ባለ ሐቁና ባለ ዕዳው በአንዱ ቃል ውስጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከግእዙ «መባሕት» ጋር የሚዛመደው «መብት» በሥሩ ሥልጣንና ፈቃድን ስለያዘ ዓይኑ በባለቤቱ ላይ ብቻ ነው። ባለ ዕዳውን ለመጥራት «ግዴታ» የሚል ሌላ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ሰባኪው ካልጨመረው ባለ ዕዳው ከኹጥባው ሳይነካ ይወጣል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው የእኅቶች ውርስ ነው። (የገጠር መሬት ይዞታ በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 የሚመራ፣ የራሱ የውርስ ደንብ ያለው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም፤ የምናገረው ስለ ከብቱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ዕቃው ነው።) «ሴት ልጅ የመውረስ መብት አላት» ሲባል የሰማ ወንድም «ከፈለገች ትጠይቅ» ይላል። እሷ ካልጠየቀች መብቷን እንዳልተጠቀመችበት ይቆጠርና ነገሩ ይዘጋል። «የእኅትህ ሐቅ አንተ ላይ አለ» ቢባል ግን ጠየቀችም ዝም አለችም ዕዳው ከአንገቱ አይወርድም። በስንብቱ ሐጅ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) አላህ ለየባለ ሐቁ ሐቁን እንደሰጠ አስታውቀው ለወራሽ ኑዛዜ የከለከሉበትን፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ በ«መብት» ተርጕመን ብናነበው ሐቁ ከሞት ጋር ወዲያው የተላለፈ መሆኑ ይደበዝዛል።

«አውፍ ብላለች እኮ» የሚል መልስም ይመጣል። እዚህ ላይ የሀገራችን አነጋገር ራሱ መተቸት አለበት፤ ለ«ሐቅ» ታማኝ የሆነውን ያህል ለ«አውፍ» አልጠነቀቀምና። በሻፊዒዮች ዘንድ የሚቀራው የነወዊ «ሚንሃጅ» መጠኑ ካልታወቀ ዕዳ ማሰናበትን በአዲሱ ቀውል ውድቅ ያደርገዋል፤ ሐነፊዮች ይፈቅዱታል። ሁለቱም መዝሀቦች በወሎ ስላሉ ልዩነቱን ማወቅ ለኢማሙ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከዚያም በላይ ኢብራእ የሚመለከተው በዚማ ላይ ያለን ዕዳ ነው። በረት ውስጥ የቆመ በሬ ዐይን እንጂ ዕዳ አይደለም፤ እኅት ድርሻዋን ለወንድሟ ልትተው ብትሻ መንገዱ ሂባ ነው፤ ሂባ ደግሞ የራሱ ሸርጦች አሉት። አባት በተቀበረ በሳምንቱ፣ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ሳይነገራት፣ በሽማግሌ ፊት «አውፍ» ያለች ሴት የትኛውን እንደፈጸመች ጠይቀን እናውቃለን?

ስለ «ዐድል» ባጭሩ ልበል። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ሱረቱ ነሕል 90 ላይ «ማስተካከል»፣ ሱረቱ ኒሳእ 58 ላይ «በትክክል» ብሎታል። ዛሬ ብዙዎች በ«ፍትሕ» ሊተኩት ይሻሉ፤ እኔ የቀደሙትን እደግፋለሁ፤ በጭነት ግራና ቀኝ መመጣጠን የሚመሰለውን የቃሉን ሥር ይዘዋልና። የምነቅፋቸው ሱረቱ ሑጁራት 9 ላይ ነው፤ «ዐድል»ንና «ቂስጥ»ን በአንድ የአማርኛ ሥር ስላነበቡ አንቀጹ የለያቸው ሁለት ቃላት ተቀላቅለዋል። «ፍትሕ»ም ቢሆን ለቁርኣን ባዕድ አይደለም። ሱረቱል አዕራፍ 89 ላይ «ፈትሕ» የመፍረድ ትርጉም አለው፤ ኢብኑ ዐባስም ይህን ትርጉም የተረዱት ከአንዲት የየመን ሴት የሙግት ንግግር እንደሆነ በተፍሲር ተዘግቧል። የግእዙ «ፈትሐ»ም መፍታትንና መፍረድን አጣምሮ ይይዛል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚመጣው ቃል ደግሞ «ፈቃድ» ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የተከራካሪዎች ፈቃድ ባለበት ይፈቅዳል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚሁ ላይ ቆሟል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር፣ ዳኝነቱን የተቃወሙ ወገኖች ላይ የተሰጡትን ውሳኔዎች የሻረው በዚህ ቃል ነው። አንዳንድ ወንድሞች ውሳኔውን በሸሪዓ ላይ እንደተሰነዘረ አድርገው አንብበውታል። ለዚህ ንባብ የቃሉ ብዥታ አግዟል ብዬ አምናለሁ፤ አማርኛው «ፈቃድ» ኢዝንንም ሪዳንም በአንድነት ይይዛልና። የሚፈለገው ሪዳ፣ የልብ መውደድ፣ ከሆነ ግን ሱረቱ ኒሳእ 4 ባል ከሚስቱ መህር አንዳች እንዲወስድ የነፍሷን መውደድ ሸርጥ ማድረጉን የሚያስተምር ኢማም ጥያቄውን አስቀድሞ ያውቀዋል። የመርሳ ገበሬ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ «ወደሽ ነው ወይስ ተገደሽ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ቃዲው መዝገቡን ሲከፍት፣ ሽማግሌውም «አውፍ» ከመባሉ በፊት ሊጠይቁት ይገባል።